ውድ ባለ ሽቶ የጺም መላጫ ክሬም ለዋጋው ይመጥናል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው፤ ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝን፣ ሰንደል ሰንደል የሚል የጺም መላጫ ክሬም ጨርሼ ሌላ ልገዛ ነው። አዲስ አበባ ጠይቄ ባለ 75 ግራሙ ቱቦ 2,400 ብር ነው አሉኝ። እዚህ ሱቅ በ300 ብር የሚሸጥ ባለ 100 ግራም ተራ ክሬም አለ፤ ሰዎች ግን ውዱ ጀርም ይገድላል፣ ቆዳም አያስቆጣም ይሉኛል። ሽታውንም በጣም ወድጄዋለሁ። ይሁን እንጂ በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣብኛል፤ ቦታውም እየጠቆረ ነው። የምላጨው በየሁለት ቀኑ ነው፤ ከተላጨሁ በኋላ ሎሚ አሻለሁ ወይም ሽቶ እረጫለሁ። ሠርጌ ሁለት ወር ቀርቶታል። ክሬሙን ልግዛው?»

ምላሽ፦ አይግዙት። አንገትዎ ላይ የሚወጣው እብጠት በክሬም የሚድን አይደለም፤ የ2,400 ብሩም ሆነ የ300 ብሩ ክሬም አያድነውም። ከዚህም በላይ ያንን ቱቦ ያስወደደው በዋናነት ሽቶውና ስሙ ነው፤ ሽቶው ደግሞ አስቀድሞ ለቆሰለና ለተቆጣ ቆዳ ከማናቸውም የክሬሙ ክፍል ይልቅ የማይመች ነው። ቆዳው ሰላማዊ የሆነ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ቢያቀርብልኝ መልሴ የተለየ ይሆን ነበር፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ መታረም ያለበት፣ ጺምን የሚያለሰልሰው ክሬሙ ነው የሚለው እምነት ነው። የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። የጺም ጸጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የበግ ጸጉርም ከዚሁ ነው የተሠራው። የመንዝ ባና ዝናብ ሲመታው ምን ያህል እንደሚከብድ በትከሻው ያየ ሰው፣ ኬራቲን ውሃ የመጠጣት አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም። ጸጉር ከክብደቱ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚጠይቀውም ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል። ደረቅ ጺም ግን ለምላጭ ጠንካራ ነገር ነው፤ ምላጩ ከመቁረጡ በፊት ጸጉሩን ይጎትተዋል፣ ቆዳውንም አብሮ ይፍቀዋል። ውሃው ወደ ጸጉሩ ዘልቆ ለመግባት ደቂቃዎችን ይፈልጋል፤ ለብ ያለ ውሃ ሥራውን ያፋጥነዋል፣ በጸጉሩ ላይ ያለውን የቆዳ ቅባትም ያነሣለታል።

ታዲያ የክሬሙ ድርሻ ምንድን ነው? አንደኛው ጸጉሩ የጠጣው ውሃ በነፋስ እንዳይደርቅ ሸፍኖ ማቆየት ነው፤ ሁለተኛው ምላጩ በቆዳው ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ሁለቱም ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው፤ በተለይ በደብረ ብርሃን ደረቅና ቀዝቃዛ አየር፣ ፊት በታጠበ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መድረቅ በሚጀምርበት የታኅሣሥና የጥር ጠዋት፣ ያለ ክሬም ወይም ያለ ሳሙና አረፋ መላጨትን ለማንም አልመክርም። ነገር ግን ሁለቱንም ሥራ ተራው ክሬም ይሠራቸዋል።

አባቴ መንዝ ውስጥ ሲላጩ እያየሁ ነው ያደግሁት። ክሬም የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ በጣሳ ለብ ያለ ውሃ ታቀርብላቸዋለች፤ አባቴ የጨርቅ ቁራጭ ነክረው፣ ጨምቀው፣ አገጫቸው ላይ አድርገው ከቤት ሰው ጋር እያወሩ ይቆያሉ። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነክሩታል። ከዚያ የልብስ ሳሙና ሳይሆን የገላ ሳሙና በብሩሽ እያሹ አረፋውን ያዳርሱታል፣ እሱንም ወዲያው አይላጩትም። የልጅ ነገር ሆኖ ይህን ሁሉ ማቆየት የሽማግሌ ዝግታ ይመስለኝ ነበር። በቆዳ ሕክምና ሙያ ውስጥ ዓመታት ካሳለፍሁ በኋላ ግን፣ በሽተኞቼን ከማስተምራቸው ነገር አብዛኛው አባቴ በዚያ ጣሳ ዙሪያ ያደርጉት የነበረው እንደሆነ አስተውያለሁ። ከእሳቸው አሠራር የምለውጠው ሳሙናውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የቆዳችን ተፈጥሯዊ ጠባይ በትንሹ አሲዳማ ሲሆን ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) ልኬቱ በአብዛኛው በ4.5 እና በ5.5 መካከል ነው፤ የገላ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ ቆዳን ያደርቃል።

አሁን ወደ ቱቦው እንግባ። ሁለቱን ክሬሞች ጎን ለጎን አስቀምጠው በጀርባቸው የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር ቢያነቡ፣ በሁለቱም ላይ ውሃ፣ ስቴሪክ አሲድ፣ የኮኮናት ዘይት ወይም ከእሱ የተገኘ ሚሪስቲክ አሲድ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና ግሊሰሪን ያገኛሉ። ይዘቱ የሚዘረዘረው ከብዙ ወደ ጥቂት ስለሆነ፣ ከላይ ያሉት አምስት ስድስት ስሞች የክሬሙን አብዛኛውን አካል ይነግሩዎታል። በቀላል አማርኛ ሁለቱም ግሊሰሪን የተጨመረበት ለስላሳ ሳሙና ናቸው። «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚለው ቃል የሚገኘው ወደ ታች ነው፤ ሽቶው አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት 1 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። በዚህች አንድ ቃል ሥር ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አምራቹም ቅመማውን እንደ ምስጢር ስለሚይዘው አብዛኛውን በዝርዝር አይጽፈውም።

የዚህ ዓይነቱ ክሬም ዝና የመጣው በለንደን ካሉ የቆዩ የወንዶች ጸጉር ቤቶችና ሽቶ ቀማሚዎች ነው። ትሩፊት ኤንድ ሂል በ1805 እ.ኤ.አ.፣ ቴይለር ኦቭ ኦልድ ቦንድ ስትሪት በ1854 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ሰንደል፣ ጽጌረዳና ላቬንደር ዛሬም የመለያ ሽታዎቻቸው ናቸው። እነዚህ ቤቶች ሽቶ ማዋሃድ የሚችሉ፣ ሥራቸውንም የሚያከብሩ ናቸው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም አንድ ቱቦ ከዚያ ተነሥቶ እርስዎ እጅ እስኪደርስ ድረስ የስሙ፣ የማሸጊያው፣ የትራንስፖርቱ፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ይታከልበታል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም በኪሳችን አውቀነዋል። ከ2,400 ብሩ ውስጥ ለቆዳዎ የሚሠራው ክፍል ጥቂት ነው።

ለእውነት ለመናገር ውዱ ክሬም የሚሰጠው ጥቅም ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ አረፋው ጥቅጥቅ ያለና ቶሎ የማይጠፋ ነው፤ አንዳንዱ የግሊሰሪኑና የቅባቱ መጠን ከፍ ያለ በመሆኑ ከተላጩ በኋላ ቆዳው እምብዛም አይወጠርም። ይህ ልዩነት በእጅ ይታወቃል፤ ሆኖም ተራውን ክሬም በብሩሽና በለብ ያለ ውሃ በሚገባ ሲመቱት አብዛኛው ልዩነት ይጠፋል። በቆርቆሮ ተሞልቶ ተጭኖ የሚወጣው አረፋ ግን ከሁለቱም ያነሰ ነው፤ የሚያስነፋው ጋዝ ስለሆነ ብዙ አየርና ጥቂት ውሃ ይዞ ነው ፊት ላይ የሚቀመጠው። የአረፋ ብዛት የጥራት ምልክት ነው የሚለው አስተሳሰብም ከዚህ ላይ ይፈርሳል፤ የሚፈለገው እንደ እርጎ የረጋና እርጥብ አረፋ ነው።

እስቲ እርስዎ በነገሩኝ ዋጋ እንቁጠረው። በብሩሽ ለሚመታ ሰው ለአንድ ጊዜ 1.5 ግራም ያህል ይበቃል እንበል። ባለ 75 ግራሙ ቱቦ 50 ጊዜ ያላጫል፤ አንዱ 48 ብር ይመጣል ማለት ነው። ባለ 100 ግራሙ 66 ጊዜ ያህል ሲያላጭ አንዱ ከ5 ብር በታች ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢላጩ እንኳ የዓመቱ ልዩነት ወደ 4,500 ብር ይጠጋል። በየሁለት ቀኑ እንደሚሉት ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከ7,500 ብር ይበልጣል። በጣት ቆርሶ ፊት ላይ የሚቀባ ሰው እጥፍ ስለሚጨርስ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል። ለጎጆ መውጫ በሚቆጠብበት ወር ይህ ገንዘብ ጥቂት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምነግርዎትን መሣሪያና መድኃኒት ሁሉ ገዝቶ ይተርፋል።

ስለ ሽቶው በስፋት መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽቶ ቆዳን በሁለት መንገድ ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው በቀጥታ ማቃጠል ነው፤ ምላጭ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ይፍቃል፣ በዓይን የማይታዩ ጭረቶችም ይተዋል፤ ደኅና ቆዳ የሚችለው ሽቶ በዚያ ላይ ሲያርፍ ይቆጠቁጣል፣ ያቀላል ወይም ያጠቁራል። ሁለተኛው እውነተኛ አለርጂ ነው፤ ይህ ከቆዳው ጥንካሬ ጋር ሳይሆን ከሰውነት የመከላከል ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። አለርጂው የሚታየው ከተቀቡ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት፣ አንዳንዴም በሦስት ቀን ስለሆነ ሰው ምክንያቱን ከክሬሙ ጋር አያያይዘውም፤ ትናንት የበላውን ይከሳል። «ለዓመታት ተጠቅሜበት ምንም አላደረገኝም» የሚለው ክርክርም ዋስትና አይሆንም፤ አለርጂ የሚፈጠረው ደጋግሞ በመገናኘት ስለሆነ፣ ለዓመታት የተስማማ ሽቶ በአንድ ወቅት ሊከዳ ይችላል።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። በላቬንደር ዘይት ውስጥ ሊናሉል፣ በብርቱካንና በሎሚ ልጣጭ ዘይት ውስጥ ሊሞኒን፣ በጽጌረዳ ውስጥ ጄራኒዮል በብዛት አሉ፤ እነዚህ ሁሉ በአውሮፓ ሕብረት ደንብ መጠናቸው ከተወሰነ በላይ ሲሆን በስማቸው እንዲጻፉ የሚገደዱ፣ አለርጂ በማስነሣት የታወቁ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሊናሉልና ሊሞኒን በተለይ ቱቦው ተከፍቶ ከአየር ጋር ሲገናኙ ተለውጠው ይበልጥ አለርጂ የማስነሣት ኃይል ያገኛሉ፤ ስለዚህ ውድ ነው ተብሎ ለዓመታት ተቆጥቦ የተቀመጠ ክሬም ከአዲሱ የከፋ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ስጦታ ያለዎት አንባቢዎች ይህን ያስቡበት። የሜንቶል ቅዝቃዜም እንደዚሁ ነው፤ ሜንቶል ቆዳን አያቀዘቅዝም፣ ቅዝቃዜን የሚያሳውቀውን ነርቭ ያነቃዋል እንጂ፤ ቁጣው ከሥር እንዳለ ይቀጥላል።

ገበያ ሲወጡ አንድ ነገር ይለዩ፦ «ሽታ የለውም» ማለትና «ሽቶ አልተጨመረበትም» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጥሬ ዕቃውን ሽታ ለመሸፈን ጥቂት ሽቶ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው፤ የሚያረጋግጡትም በፊት ለፊት በተጻፈው ማስታወቂያ ሳይሆን በጀርባው ዝርዝር ውስጥ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» አለመኖሩን በማየት ነው። የ300 ብሩ ክሬም ባለ ሽቶ ከሆነ ርካሽነቱ አያድነውም፤ እሱንም ይተዉት።

ጀርም ይገድላል ስለተባለው፣ የመላጫ ክሬም መድኃኒት አይደለም። ፊት ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ በውሃ የሚታጠብ ነገር ከማንኛውም ሳሙና የተለየ የመግደል ሥራ አይሠራም። ደግሞም የእርስዎ አንገት ችግር በመሠረቱ የጀርም ችግር አይደለም።

ይህን እንዴት እንደማውቅ አንድ ታካሚዬ ያስተማሩኝን ልንገርዎት። ዕድሜያቸው ወደ 40 የሚጠጋ፣ አንገታቸው እንደ እርስዎ ያበጠና የጠቆረ ሰው ነበሩ፤ ክሬም ለውጠዋል፣ ሳሙና ለውጠዋል፣ የጀርም መድኃኒት ውጠዋል። አንድ ቀን ቀጠሮ ሲመጡ አንገታቸው ጸድቶ፣ ጺማቸው አድጎ፣ ጥቁር ለብሰው ነበር። እናታቸው ዐርፈው እንደ አገሩ ልማድ ጺማቸውን ሳይላጩ አርባው ሊደርስ ነበር። ምንም መድኃኒት አላደረጉም። አርባው ወጥቶ ከተላጩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ሲመለሱ እብጠቱም ተመልሶ ነበር። በማጉያ መነጽር አንገታቸውን ስመለከት ከአንዱ እብጠት ሥር ጸጉሩ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ጫፉ መልሶ ቆዳውን ወግቶ ሲገባ ይታይ ነበር፤ በንጹሕ መርፌ ጫፍ ቀለበቱን ብቻ ሳነሣው ጸጉሩ እንደ ተፈታ ሽቦ ቀጥ አለ። ያን ያህል ገንዘብ የተከፈለበት በሽታ፣ የገዛ ጸጉራቸው እሾህ ሆኖባቸው ነበር።

በሕክምናው ስሙ ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይባላል፤ ጸጉራቸው ጥቅልል በሆነ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ምላጭ ጸጉሩን በሰያፍ ሲቆርጠው ጫፉ ይሾላል፤ ጥቅልሉ ጸጉር ሲያድግ ወደ ጎን ታጥፎ ቆዳውን ይወጋል፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ እሾህ ቆጥሮት ዙሪያው ያብጣል፣ ይቆጣል፣ ቁጣው ሲበርድም ጥቁረት ይተዋል። ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ ይህን ያባብሰዋል፤ የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ስቦ ሲያወጣው ቀጣዩ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠውም ከቆዳው በታች ተመልሶ ይገባል። በማስታወቂያ እንደ ጥቅም የሚነገረው ያ ልስላሴ ለእርስዎ ዓይነት ጸጉር ጉዳት ነው። ቆዳን ወጥሮ መላጨትና ከጸጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ መላጨትም ውጤታቸው ተመሳሳይ ነው። (ደጋግሞ መላጨት ጺምን ያወፍራል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ የተቆረጠው ጫፍ ደንዳና ሆኖ ስለሚዳሰስ ነው እንጂ የጸጉሩ ሥር አይለወጥም።)

ሎሚውን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ። ሎሚ በቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያጠቁር ንጥረ ነገር አለው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ አይጎዳም ብሎ ማሰብ በአካባቢያችን በየቀኑ የማየው ስሕተት ነው። አንገትዎን ያጠቆረው እብጠቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሎሚውም እንደረዳው አልጠራጠርም። ሽቶ መርጨትና አንዳንዶች እንደሚያደርጉት አረቄ መቀባትም ቁስል ላይ አልኮል ማፍሰስ ነው፤ ያቃጥላል፣ ያደርቃል፣ ማቃጠሉ ግን የማዳኑ ምልክት አይደለም። ሽቶ ካስፈለገ ልብስ ላይ ይደረግ።

የምመክርዎት ይህንን ነው። ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ምላጭ አንገትዎን አይንካው። ጺምዎን በየሦስት አራት ቀኑ በራስዎ ቶንዶስ ይከርከሙ፤ ከቆዳ በላይ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ጸጉር ይተው፣ ቶንዶሱን ቆዳ ላይ አጥብቀው አይጫኑት። የታመቁት ጸጉሮች በዚህ ጊዜ አድገው ራሳቸው ይወጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማሳከኩ የባሰ ቢመስልዎት ተስፋ አይቁረጡ። በጥፍርና በወረንጦ አይንቀሉ፤ ከሥሩ የተነቀለ ጸጉር እንደገና ሲበቅል ከቆዳው ሳይወጣ ሊወጋ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ፊትዎን በለብ ያለ ውሃ ታጥበው እርጥበቱ ሳይደርቅ ስስ ቫዝሊን ወይም በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን ይቀቡ። ቀን ቀን አንገትዎን ከፀሐይ በነጠላ ወይም በሻሽ ይሸፍኑ፣ የሚመችዎት ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይጠቀሙ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ምላጭ መጠቀም የግድ ከሆነብዎት፣ ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ይሁን። በመጀመሪያ ፊትዎን ይታጠቡ፤ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ያቆዩበት። ሽቶ ያልተጨመረበትን ክሬም በብሩሽ መትተው አዳርሰው ሌላ ሁለት ደቂቃ ይታገሡ። ከዚያ ጸጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ፣ ምላጩን ሳይጫኑ ይላጩ። የአንገት ጸጉር እንደ ጉንጭ በአንድ አቅጣጫ አይበቅልም፤ በአንድ ጎን ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ጎን ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው በጣትዎ ዳስሰው ይወቁት። አንዱን ቦታ ደጋግመው አይፋቁ። ምላጩን አምስት ጊዜ ያህል ከተጠቀሙበት በኋላ ይቀይሩት፤ የዱልዱም ምላጭን ጉዳት የትኛውም ክሬም አይሸፍነውም። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ገንዘቡን ክሬሙ ላይ አውጥቶ ምላጩ ላይ ይቆጥባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እብጠቱ ካልበረደ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ 2.5 ወይም 5 በመቶ የሚል ቅባት ማታ ማታ በስሱ መቀባት ይረዳል፤ ነገር ግን ጨርቅ ያነጣል፣ የጋቢዎን ጥለትና የትራስ ጨርቅዎን ይጠብቁ። ለጥቁረቱ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ከተወገደ በወራት እየደበዘዘ ይሄዳል። እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው፣ ለማቅላት እየተባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባሉ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ያሉባቸውን ቅባቶች ፊትና አንገት ላይ እንዳያደርጉ ነው። በሳምንት ውስጥ ያማረ ያስመስላሉ፤ ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮችን ያወጣሉ፣ ብጉር ያበዛሉ፤ ሲቆሙ ደግሞ ሽፍታው ብሶ ይመለሳል። ከሠርግ በፊት ባሉ ወራት በዚህ ምክንያት ፊታቸው ተበላሽቶ የሚመጡ ሙሽሮችን ማየት እጅግ ያሳዝነኛል።

ጸጉር ቤት የሚላጩ ከሆነ፣ ምላጩ አዲስ መሆኑን ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። የጋራ ብሩሽና የጋራ ፎጣም አይቀበሉ፤ ባለቤቱ ቢያዝንብዎትም የራስዎን ይዘው ይሂዱ።

አሁን ቆዳው ደኅና ስለሆነ ሰው ልመለስ። ተላጭቶ የማያሳክከው፣ የማያብጥበት፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነና የሰንደሉ ሽታ የጠዋት ደስታ የሚሰጠው ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ ውዱን ቢገዛ አልቃወምም። የሚገዛው ግን ሽቶ እንጂ የተሻለ አላላጭ አለመሆኑን ይወቅ። ከመግዛቱ በፊት ከጓደኛ ጥቂት ወስዶ በክንዱ ውስጠኛ ክፍል አረፋውን ለአምስት ደቂቃ አቆይቶ ይታጠበው፤ ይህን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይድገመው። ካሳከከ ወይም ከቀላ ይተወው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ቦታ የሚኖር ሰው ላብ ስለሚጨመርበት ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ላብ የተቆጣ ቆዳ ላይ ሽቶ የሚያደርሰውን ማቃጠል ያባብሳል።

ስለ ሠርግዎ፣ በዚያች ሳምንት አዲስ ነገር ምንም አይሞክሩ፤ ክሬምም፣ ቅባትም፣ መላጫም። ሁለት ወር አለዎት፤ አራቱን ሳምንት ካረፉ በኋላ የቀሩትን ሳምንታት የትኛው እንደሚስማማዎት ለማወቅ ይጠቀሙበት። እኔ የምመርጥልዎ ግን በዋዜማው በቶንዶስ አጥሮ፣ ዳር ዳሩ ተስተካክሎ የተተወ ጺም ነው። ለስልሶ የተላጨና በማግሥቱ ያበጠ አንገት በፎቶግራፍም ይታያል፣ በሸሚዝ ኮሌታም ይታሻል።

እብጠቱ መግል ከቋጠረ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ጠንክሮ እንደ ጉብታ እያደገ ከሄደ አራቱን ሳምንት ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ጉብታው ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) ሊሆን ስለሚችል በምላጭም ሆነ በሌላ ነገር እንዲቆረጥ አይፍቀዱ። ከብት የሚያረቡ ወይም ከጥጃ ጋር የሚውሉ ከሆነና በጺምዎ መካከል ክብ ሆኖ የሚላጥ፣ ጸጉሩም ሲነካ በቀላሉ የሚወልቅ ቦታ ካለ፣ ከከብት የሚተላለፍ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም። አራቱን ሳምንት ጠብቀው እንኳ ማሳከኩ ካልቀነሰ የሽቶ አለርጂን በጀርባ ላይ ለሁለት ቀን በሚለጠፍ ምርመራ መለየት ስለሚያስፈልግ፣ ምርመራው ወደሚሰጥበት የቆዳ ክፍል እንዲልኩዎት ይጠይቁ፤ ሲሄዱም ወንድምዎ ያመጡልዎትን ክሬም ባዶ ቱቦ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ በጀርባው የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ይኖርበታል።